ለኮሶዬ ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ

ኮሶዬ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለየትነበርሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኛ ዘንድ ሁሉም ደህና ነው። አባቴ ደህና ናቸው፤ ገብሱም ተወቅቶ ገብቷል፤ ብርዱ እንደምታውቂው ነው።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ቢያዝን መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ትቶልኝ አገኘሁት። እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ የእኔና የአንቺ ስልክ የቢያዝን ሚኒባስ ሆኗል። ይመስገን፣ አንድም ደብዳቤ አልጠፋበትም።

«የት ተመደብሽ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የትም። በነርስነት ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴን ያዝኩ፤ የሙያ ፈቃዴም በእጄ ነው፤ ያለሁት ግን አባቴ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት ወረዳ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቴን አገላብጦ፣

«የሥራ ልምድ?» አለኝ።

«አዲስ ተመራቂ ነኝ።»

«ልምድ ይዘሽ ነይ።»

«ካልቀጠራችሁኝ ልምዱን ከየት አመጣለሁ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ቀጣይ!»

ይሄንን የምጽፍልሽ እንድታዝኝልኝ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄሽ «ገና ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ምን ያስቸኩለኛል?» የሚል ስለሆነ ነው። የሚያስቸኩልሽ ይሄ ነው። ውጤቴ ሸጋ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሸጋ ውጤት ያላቸው ግን ብዙ ናቸው። በረንዳው ላይ ስንሰለፍ ሁላችንም አንድ ዓይነት ወረቀት ነው የያዝነው። የሚለይሽን ነገር ከአሁኑ ካልያዝሽ ተመርቀሽ ከእኔ ኋላ ትሰለፊያለሽ፤ እኔ ደግሞ አንቺን እዚያ ሰልፍ ላይ ማየት አልፈልግም።

ስለዚህ ስሚኝ። እዚያው ጎንደር፣ አዘዞ ካለው ሆስፒታል ሂጂና «ቅዳሜና እሁድ በነፃ ላገልግል» በያቸው። ትምህርት ቤቱ ለልምምድ ሲልካችሁ አንድ በሽተኛ ለሃያ ከብባችሁ ነው የምትቆሙት፤ ፊት የቆመ ያያል፣ ኋላ የቆመ የጓደኛውን ጀርባ ያያል። እኔ ጀርባ ሳይ ነው የተመረቅሁት። ለፈቃድ ፈተናውም ከዛሬ ጀምረሽ አንብቢ፤ ከምርቃት በኋላ አነባለሁ ያለ ሁሉ ከምርቃት በኋላ ተኝቷል። ኮምፒውተርም ተማሪ። ባለሽበት ሁሉ መሥራትሽን የሚገልጽ ደብዳቤ እያጻፍሽ ያዢ። እንግሊዝኛ ስትናገሪ አትፈሪ፤ ሲስቁብሽ ይሳቁ።

ለእናትሽ ለእትዬ አየለች ስትጽፊ ስለ እኔ ምንም አታንሺ። ደህና ናት በያት።

ታየች ካሣዬ

*

ጎንደር፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ታየች፣

ለእኔ ብለሽ የጻፍሽው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። አያ ካሣዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

አሁን ንዴቴን ልናገር። አንቺ «ሂጂና በያቸው» ስትይ እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቁኝ መስሎኝ ነበር! የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር እጅጋየሁ የሚባሉ ናቸው። ቀና ቢሉም የሚያዩት መነጽራቸውን ነው፣ ሰው አይደለም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «እዚህ የተማሪ መዋያ አይደለም» ብለው መለሱኝ። ሁለተኛ ሄድኩ፤ «ደብዳቤ አምጪ» አሉ። ደብዳቤውን ለማጻፍ በትምህርት ቤቱ ቢሮ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። አመጣሁላቸው። አንብበው ኪሳቸው ከተቱና፣

«ጓንት በነፃ የምናድል ይመስልሻል?» አሉኝ።

«የራሴን እገዛለሁ፣ ሲስተር።»

«እንግዲያ አንሶላው እዚያ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜም እሁድም አንሶላ ነኝ። አንሶላ እቀይራለሁ፣ ፋሻ አጥፋለሁ፣ ደም በብልቃጥ ይዤ ላቦራቶሪ እሮጣለሁ፤ እዚያም «ማን ላከሽ?» ብለው ይቆጡኛል። መርፌ እስካሁን በእጄ አልያዝኩም። አንዲት አስታማሚ ባለፈው እሁድ ጠርታ «የኔ ልጅ፣ ሽንት ቤቱን መቼ ነው የምታጥቢው?» አለችኝ። ጋውን ለብሼ! የክፍሌ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉራቸውን ተሠርተው ፒያሳ ይዞራሉ። ትክል ድንጋይ ያለችው እናቴም በበኩሏ «ከትክል ድንጋይ ጎንደር ስንት መንገድ ነው? ለገበያ ቀን እንኳ መጥተሽ ብታግዢኝ» ትላለች። ሆስፒታል ነኝ ስላት «ታዲያ ስንት ይከፍሉሻል?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ አንሶላ ማጠፍ የት አገር ነው የሥራ ልምድ የሚባለው?

ደግሞ አንቺስ ምነው እዚያ ተቀምጠሽ ትመክሪኛለሽ? ነይና አብረን እናጥፍ። የኪራይ ክፍሌ ለሁለት ይበቃል።

የተናደደችብሽ፣
የትነበርሽ

*

ኮሶዬ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

የትኔ፣

ክረምቱ እንዴት ነው? እዚህ ጉሙ ከወረደ ጎረቤትሽን በድምፁ ካልሆነ አታውቂውም። የዘገየሁት መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ነው። ደግሞ ተናድጄብሽም ነበር።

አንሶላ ንቀሻል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አንሶላውን ስትቀይሪ በሽተኛውን ወደ ጎን አገላብጠሽ የለም? ጀርባውን አይተሻል? ብዙ የተኛ ሰው ወገቡ ላይ መቅላት ሲጀምር ከሐኪሙ በፊት የሚያየው አንሶላ ቀያሪው ነው። አይተሽ ለሲስተር እጅጋየሁ ከነገርሻት ነርስ ነሽ። ሳታዪ ከቀየርሽው ግን አስታማሚዋ አልተሳሳተችም።

ይሄን እንዲህ አሳምሬ የምጽፈው ከመጽሐፍ ነው። እኔ በእጄ የቀየርኩት አንሶላ የራሴን ብቻ ነው። በዚህም ራሴን ሳልረግም የቀረሁበት ቀን የለም።

«ነይና አብረን እናጥፍ» ያልሽው ግን ሁለተኛ እንዳይጻፍ። ፈቃድ ያላት ነርስ ከተማሪ ጋር ተሰልፋ ፋሻ ስታጥፍ የሚያያት ዘመድ ምን ይላል? አባቴ እኔን ለማስተማር ሁለት በሬ ሸጠዋል። አገሩ ሁሉ «የካሣዬ ልጅ ሐኪም ሆነች» ብሎ እልል ብሏል። ሐኪም እንዳልሆንኩ ማስረዳት ራሱ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁን ደግሞ ያለ ደመወዝ አንሶላ ቀያሪ ነኝ ልበላቸው?

አባቴ ምንም አይሉኝም። ታከለ የሚባለው ድንች ነጋዴ ግን ቤታችን መመላለስ አብዝቷል። በመጣ ቁጥር «ምንድን ነው፣ መንግሥት እስካሁን አልጠራሽም?» ይለኛል። አባቴ ደግሞ ከእሱ ጋር ሲጫወቱ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ማንም ተነስቶ አግቢው ያለኝ የለም። ቢሉኝማ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር።

አደራሽን ቅዳሜን እንዳትተዪ።

ታየች

*

ጎንደር፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ታየች፣

ይሄን ያህል ወር ድምፄን ማጥፋቴ ቂም ይዤ አይደለም፤ ወይም መጀመሪያ ቂም ነበር፣ ኋላ ትምህርቱ በዛ። አራተኛ ዓመት ቀና አያሰኝም። ጥምቀትን እንኳ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ነው ያሳለፍኩት፤ የባሕረ ጥምቀቱ ከበሮ ክፍሌ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ጀርባ ማየት ጀመርኩ። አንድ የወገራ ሽማግሌ ወገባቸው ቀልቶ አገኘሁና ለሲስተር ነገርኩ። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? በሁለት ሰዓት በሁለት ሰዓቱ አገላብጫቸው» አሉኝ። አይ ሴትዮ! ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስሜን ያዙት። እስከዚያ «አንቺ ልጅ» ነበርኩ።

ኅዳር ላይ ማዋለጃ ክፍል ሰው አንሷቸው ሲስተር እጅጋየሁን ጠሩ፤ እሳቸውም እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ሕፃኑ ተወለደ፤ አያለቅስም። ሰማያዊ ነው። አዋላጇ እናቲቱ ደም እየፈሰሳት ከእሷ ጋር ነች። ሲስተር ለሕፃን ትንፋሽ የሚሰጥበትን ፊኛ አንስተው እጄ ላይ አደረጉትና «ያዢ። ጭምብሉን አፍና አፍንጫው ላይ አስቀምጪ። አትጫኚው» አሉኝ። እጃቸውን እጄ ላይ ደርበው ነበር፤ ቆይቶ ሳየው እጃቸው የለም። ብቻዬን ነው የምሰጠው። «ደረቱን እዪ እንጂ እኔን አትይ» ይሉኛል። አለቀሰ፣ እትዬ። እኔም አለቀስኩ። እናቲቱ ማንን ብታመሰግን ጥሩ ነው? ኋላ በሩን ከፍቶ ብቅ ያለውን ዶክተር።

ሲስተር ጓንታቸውን አውልቀው ወደ እናቲቱ ዞሩ። ስወጣ ብቻ «በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳትቀሪ» አሉ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን እየፈታሁ እንድገጥም ያደርጉኛል። አዲስ ዓይነት መጥቷል፤ አገጣጠሙ ከድሮው ይለያል።

በቢያዝን ልከሽ ያስጠየቅሽኝ መጽሐፍ አልተገኘም፤ ሲገኝ በቢያዝን እልካለሁ። ቢያዝን የነገረኝ የደባርቁ የቅጥር ፈተናሽ እንዴት ሆነ? ስለሱ አንድም ቃል አልጻፍሽም። አልጠይቅም ብዬ ነበር፤ ይኸው ጠየቅሁ።

የትነበርሽ

*

ኮሶዬ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

የትኔ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። የመውጫ ፈተናውንም የፈቃዱንም በአንድ ክረምት ማለፍሽን ከቢያዝን ሰማሁ፤ ሚኒባሱን አቁሞ ነው ጮሆ የነገረኝ። ምርቃትሽ ላይ ያልተገኘሁት መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬሻለሁ። እሱን እመኝና እንለፈው።

የደባርቁም አልሆነም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለቱም አልሆኑም። ሁሉም ልምድ ይላሉ። እኔ ዕድሜ ብቻ ነው የጨመርኩት።

አሁን ግን ተቀምጠሽ አንብቢ። ወረዳው ማስታወቂያ አወጣ። ነርስ፣ ብዛት አንድ፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት። ቦታው ደግሞ የት ይመስልሻል? ኮሶዬ ጤና ጣቢያ! ከቤቴ ተነስቼ ውሃ ሳይፈላ የምደርስበት! አባቴ ስነግራቸው ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወጡ፤ ኋላ ስሰማ ለገብርኤል ተስለው ነው የመጡ። ታከለም ሰምቶ ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ይሄ ራሱ ደስታ ነው።

ተመዝግቤያለሁ። የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው። እንደማልፍ እርግጠኛ ነኝ። ጸልዪልኝ።

ታየች

*

ጎንደር፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ቢያዝን መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

እኔም ተመዝግቤያለሁ። ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ነው፤ በመድኃኔዓለም እምልልሻለሁ። ጎንደር የተለጠፈው «በወረዳው ሥር ባለ ጤና ጣቢያ» ይላል እንጂ ኮሶዬ አይልም። ኮሶዬ መሆኑን ያወቅሁት ከአንቺ ደብዳቤ ነው። እኔ ሌላም ቦታ እሞክራለሁ፤ ገና አሁን ነው የተመረቅሁት። ሄጄ ስሜን ላሰርዝ? አንድ ቃል ብቻ ጽፈሽ ለቢያዝን ስጪው፤ ሲመለስ ያምጣልኝ።

የትነበርሽ

*

ኮሶዬ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

አታሰርዢ።

የጠየቅሽው አንድ ቃል ነው፤ ግን አልበቃኝም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜሽን ቀምቼ «ተዘጋጂ» ስልሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን የሚወዳደርሽ እኔ ስለሆንኩ ተቀመጪ ልልሽ ነው? ስምሽን ሰርዘሽ እኔ ባልፍ ጤና ጣቢያው በር ላይ በገባሁ ቁጥር ምን እያሰብኩ እንደምገባ አስቢው። ደግሞ ማን አለሽ ትበልጭኛለሽ ብሎ? የጽሑፉን እኔ ነኝ የምበልጥሽ።

ብትሰርዢ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።

ታየች

*

ኮሶዬ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ታየች፣ ካለሽበት ይድረስሽ፣

ውጤቱ ከተለጠፈ ወዲህ ይሄ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ቢያዝን ያለፉትን ሁለቱን በእጅሽ እንደሰጠሽ ይምልልኛል፤ እንዳነበብሻቸው ግን አያውቅም። የት እንዳደርሽም አይነግረኝም። «ጎንደር አውርጃታለሁ፤ ከዚያ ያለውን ራሷ ትንገርሽ» ነው የሚለኝ።

ሰሌዳው ላይ ስሜ አንደኛ፣ ስምሽ ከሥሩ «ተጠባባቂ» ተብሎ ሳይ ዞሬ ፈለግሁሽ፤ ሄደሻል። ሮጥኩ፤ አልደረስኩብሽም።

ሥራ ጀምሬያለሁ። መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ብርዱን ነግረሽኝ ነበር፤ ግን ጣት እስኪያደነዝዝ መሆኑን አልነገርሽኝም፤ መርፌ ከመያዜ በፊት እጄን ብብቴ ውስጥ አሙቄ ነው። ኃላፊው አንዱዓለም ይባላል፤ ደግ ነው፤ ግን ደግነቱ መድኃኒት አይሆንም። የስኳሩ መድኃኒት አልቋል፣ የደም ግፊቱ አልቋል፣ ጓንት የሚመጣው በደብዳቤ ሳይሆን በልመና ነው። እኔ ያን ሁሉ የተዘጋጀሁት ለምን ነበር እላለሁ፤ ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆሜ «የለም» ለማለት ዝግጅት አያስፈልገውም።

ሕዝቡ ሸጋ ነው፤ ደህና ተቀብሎኛል። አያ ካሣዬም ደህና ናቸው። ከሩቅ አያቸዋለሁ።

እባክሽ አንድ መስመር ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን።

የትነበርሽ

*

ጎንደር፣ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

የትነበርሽ፣

ሦስቱንም አንብቤያቸዋለሁ። አልመለስኩልሽም፤ ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ጨርሶ አልወጣልኝም። ማንበብሽ ካልቀረ እውነቱን አንብቢ፦ ስምሽን ከስሜ በላይ ሳየው ጠላሁሽ። ሚኒባስ ውስጥ ጎንደር እስክደርስ ጠላሁሽ። አዘዞ ስወርድ ደግሞ የጠላሁት ሌላ ነገር መሆኑ ገባኝ።

የጽሑፉን በልጬሻለሁ፤ ይሄንን ማንም አይወስድብኝም። የጣለኝ የተግባሩ ነው። የሕፃን አሻንጉሊት አጋደሙና ፈታኙ «ትንፋሽ ስጪው» አለኝ። መሣሪያው ተፈታቶ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ የማውቀው የድሮውን ነው፣ እሱንም በሥዕል። አገላበጥኩት። ገጠምኩት። አየሩ በጎን ይወጣል። ፈታኙ ሰዓቱን አየ፣ እኔም ሰዓቱን አየሁ። «ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኮሪደር ላይ ተቀምጬ የአንቺን ተራ በመስታወቱ አየሁ። ገጥመሽ ስትጨርሺ ቀና እንኳ አላልሽም፤ ደረቱን ነበር የምታይው።

አዘዞ ሄጄ ሲስተር እጅጋየሁ ፊት ቆምኩ።

«የትነበርሽ የነበረችበትን ቦታ ፈልጌ ነው» አልኳት።

«ተማሪ ነሽ?»

«አይደለሁም። ፈቃድ አለኝ።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ?»

ለካ ለአራት ዓመት ያህል ይሄን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልሴን ሳትጠብቅ «አንሶላው እዚያ ነው» አለችኝ። ይኸው አንሶላ ላይ ነኝ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱት ያዝዙኛል፣ እታዘዛለሁ። የማድረው አንዲት የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ዘንድ ነው። ወጪዬን ልብስ እያጠብኩ እሸፍናለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «ከሩቅ አያቸዋለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። የእናትሽ ወንድም፣ በአንድ መንደር እየኖሩ፣ ከሩቅ የሚታዩት ምን ሆነው ነው? ቢያዝንን ሚኒባሱ ላይ ወጥቼ «ካልነገርከኝ አልወርድም» ብዬ ያዝኩት። ነገረኝ። አባቴ አንቺን ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። ከቅዳሴ መልስ ሰው በተሰበሰበበት «የእህቴ ልጅ የልጄን እንጀራ ነጠቀች» ብለዋል። ሰዉም እሳቸውን አክብሮ ከአንቺ መርፌ ከመወጋት ሌላ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። አንቺ ደግሞ «ሕዝቡ ሸጋ ነው» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ!

ቢያዝን ሌላም ነገረኝ። ባለፈው ገበያ ቀን አሳፍሯቸው ሳለ አፍንጫቸው ደምቶ ጋቢያቸው ተበላሽቷል። ራሴን ያመኛል ይላሉ አለ። እሳቸው የደም ግፊት በሽተኛ ናቸው፤ መድኃኒቱን ካቆሙ ቆይተዋል፤ አንቺ ዘንድ እንዳይመጡ ደግሞ ኩራታቸው ይዟቸዋል። ይሄ ሲደርስሽ ቤታቸው ሂጂ። ቢያስወጡሽም አትውጪ። ከዚህ በታች ያለውን አንብቢላቸው።

«አባቴ፣ ጉልበትዎን ስሜ እለምንዎታለሁ፣ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። የትነበርሽ እንጀራዬን አልነጠቀችኝም። እኩል ተቀምጠን ተፈተንን፤ በለጠችኝ። እሷ ሰንበቷን ሰጥታ ስትማር እኔ ቤት ተቀምጬ ማስታወቂያ እጠብቅ ነበር። እንድትማር የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ራሴ ግን አላደረግሁትም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ እርስዎ ያፍሩብኛል ብዬ። አሁን ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ያለ ደመወዝ አንሶላ እቀይራለሁ። ይሄን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ቀጣዩ ፈተና ሲወጣ እቀመጣለሁ፤ ካልሆነም የሚቀጥለውን። ለታከለ ይንገሩልኝ፣ እኔን አይጠብቅ። እርስዎ ደግሞ ክንድዎን ለየትነበርሽ ይስጧት። ከእሷ የሚሸሹ ከሆነ ከእኔም እየሸሹ ነው።»

ይሄው ነው።

ታየች

*

ኮሶዬ፣ የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ታየች፣

እንደምን አለሽልኝ? ስድብሽ ደረሰኝ፤ ከሰላምታ ይልቅ ደስ አለኝ።

በመጣልኝ ማታውኑ ሄድኩ። አያ ካሣዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይጎነጉናሉ። ቀና አላሉም። «ከታየች ነው» ስል እጃቸው ቆመ። ላነብላቸው ስል «እኔ ዓይን የለኝም? አምጪው» ብለው ነጠቁኝ። ዳዊት በሚደግሙበት ድምፅ፣ ለራሳቸው፣ ቀስ እያሉ አነበቡት። ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ። እኔ ቆሜያለሁ። ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ገመዳቸውን ያዙ። ቆይቼ ቆይቼ «ደህና ይደሩ» ብዬ ወጣሁ፤ መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። ለእኔ አልነበረም፤ የዚያ ሁሉ ቃልሽ መልስ ዝምታ መሆኑ አናዶኝ ነው።

ዛሬ ጧት ካርድ ክፍሉ ሲከፈት ሰልፉ ውስጥ አየኋቸው። ሕፃን ካዘሉት ሴቶች ኋላ። አንዱዓለም «አያ ካሣዬ፣ ይቅደሙ» ቢላቸው «ተራ አለ» አሉት። ሰዉ ሁሉ እሳቸውን እያየ ነው፤ ይሄንን ያወቁ ይመስለኛል። ተራቸው ሲደርስ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ገልጠው ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። መለኪያውን ስጠቀልል እጄ ቀዝቅዞ ላላብኝ።

«አጥብቀሽ እሰሪው እንጂ» አሉኝ። «ልጄ ናት አሉ ያስተማረችሽ።»

በበሩ በኩል የቆሙት ሁሉ ሰሙ። ለእኔ በቂዬ ነው።

ግፊታቸው ግን፣ እትዬ፣ አልወደድኩትም። ከመቶ ዘጠና በላይ ነው። በሌላኛውም ክንድ ለካሁ፤ ያው ነው። ካሳረፍኳቸው በኋላም ያው ነው። ዛሬም ጧት አፍንጫቸው ደምቷል፤ ራስ ምታቱ ሌሊት ይብስባቸዋል። አንደበታቸውም እግራቸውም ደህና ነው፤ ስትሮክ እንዳይሆን ፈርቼ አይቻለሁ። መድኃኒቱ መደርደሪያችን ላይ የለም። ከጥር ጀምሮ ስጠይቅ «ይመጣል» ነው የሚሉኝ። እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርሽ አልችልም፤ ጠረጴዛውን ነው የመታሁት። ስለዚህ ወደ አዘዞ ሪፈር ጻፍኩላቸው።

«ጎንደር ማን አለኝና ነው የምትልኪኝ?» አሉ።

«ታየች አለች።»

ጋቢያቸውን መልሰው ደረቡ። ከዚያ «እዚያ የምትሠራበት ድረስ ያስገቡኛል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ያስገቡዎታል» አልኳቸው። ለሲስተር እጅጋየሁም በሪፈሩ ጀርባ ጽፌያለሁ፤ እንዳይመልሷቸው።

ይሄን ደብዳቤ የሰጠሁት ለቢያዝን አይደለም። የያዙልሽ አባትሽ ራሳቸው ናቸው፤ ሚኒባሱ ላይ ከፊት ወንበር አስቀምጫቸዋለሁ። ጾም ነው ብለው ምንም አልቀመሱም። የሚሉሽን አላውቅም፤ ሊቆጡሽም፣ ሊያለቅሱም ይችላሉ፤ አንቺም የምትያቸው ብዙ አለሽ። ግን መጀመሪያ አስቀምጫቸውና ግፊታቸውን ለኪ። ከዚያ ትጣላላችሁ።

የትነበርሽ